የመምህሩን ፊት የገለበጠው ተማሪ

የዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት መቀመጫ እንደሆነች የምታውቋት የኔዘርላንዷ ከተማ ዘ ሄግ፣ ማውሪትስሃውስ የሚባል ትንሽ ግን ሀብታም ሙዚየም አላት። በዚያ ሙዚየም ውስጥ በሳንቃ ላይ በዘይት ቀለም የተሠራ፣ ቁመቱ 38 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ የአንድ ወጣት ምስል ይገኛል። ወጣቱ ዕድሜው ገና ሃያዎቹን የጀመረ ነው። በአንገቱ ዙሪያ የወታደር የብረት ጥሩር አጥልቋል። ግማሽ ፊቱ ብርሃን ነው፤ ግማሹ በጥላ ተውጧል። ዓይኖቹ ቀጥ ብለው እናንተን ያያሉ። ይህ ወጣት ሬምብራንት ፋን ሬይን ነው፤ ጊዜውም 1629 ገደማ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን ሥዕል ያዩ ሁሉ ለረጅም ዘመን ሬምብራንት በገዛ እጁ የሠራው ነው ብለው አመኑ። ለማመንም በቂ ምክንያት ነበራቸው፤ ሥራው ንጹሕ ነው፣ ቆዳው ለስላሳ ነው፣ ብረቱ ያብረቀርቃል። ከእርሱ ጋር መንታ የሚመስል ሌላ ሥዕል በጀርመን አገር በኑረምበርግ ከተማ ሙዚየም ነበር። ያኛው ግን ሻካራ ነው፤ የብሩሹ ጉዞ በግልጽ ይታያል፤ የቸኮለ ሰው ሥራ ይመስላል። ስለዚህ የኑረምበርጉ “ቅጂ” ተብሎ ተቀመጠ። በ1990ዎቹ ግን ነገሩ ተገለባበጠ። ሻካራው የመምህሩ፣ ለስላሳውና የተወደደው ደግሞ በመምህሩ ሥራ ቤት ውስጥ የተሠራ ቅጂ ሆኖ ተገኘ። እንዴት እንደ ታወቀ በኋላ እመለስበታለሁ። አስቀድሜ ግን ስለ መገልበጥ ላውጋችሁ፤ በእኛ ዘንድ ቃሉ ስሙ የጠፋ ነውና።

በየወጣት ኅብረታችሁ ሥዕል የሚሞክር ሰው አይጠፋም። የሰንበት ትምህርት ክፍሉን ግድግዳ የሚያስጌጠው እርሱ ነው፤ የኮንፈረንሱን ፖስተር የምታሠሩትም እርሷን ነው። ያ ልጅ አንድ ቀን ስልኩ ላይ ያለ ሥዕል እያየ ሲገለብጥ ከኋላው የቆመ ጓደኛው “ይሄማ ኩረጃ ነው” ይለዋል። ልጁም ያፍራል። ኩረጃን የምናውቀው ከፈተና ክፍል ነው፤ ቃሉ የሌብነት ሽታ አለው። ግን አስቡት፤ የብራና ጸሐፊ ዳዊት ሲገለብጥ ኮረጀ አንለውም። የመዘምራን ክፍል ተለማማጅ የሶሎዋን ድምፅ ተከትሎ ሲዘምር ሰረቀ አንለውም። በፈተና የሚኮርጅ ሰው መማርን ለማምለጥ ይገለብጣል፤ በሠዓሊ ሥራ ቤት የሚገለብጥ ግን የሚማርበት ሌላ መንገድ አልነበረውም።

ሬምብራንት የተወለደው በ1606 በላይደን ከተማ ነው፤ አባቱ ባለ ወፍጮ ነበር። እርሱ ከመወለዱ 40 ዓመት በፊት፣ በ1566፣ በዚያ አገር የተሐድሶው ደጋፊዎች ወደ አብያተ ክርስቲያናት እየገቡ ሐውልቶችንና ሥዕሎችን ሰባብረዋል። ከዚያ ወዲያ በተሐድሶው ሥር የገቡት አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳቸው ነጭ ሆነ፤ ለሠዓሊ ትልቁ እንጀራ የነበረው የመሠዊያ ሥዕል ማሠራት ቀረ። አንዳንዶቻችሁ እንደ ገመታችሁት ሥዕል በዚያው የሚሞት ይመስል ነበር። አልሞተም። ከመቅደስ ወጥቶ ሳሎን ገባ። ነጋዴው፣ ሐኪሙ፣ ሰባኪው ሳይቀር ፊታቸውን በሥዕል ያሠሩ ጀመር። የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችም ለቤት ግድግዳ ይሸጡ ነበር። እንግዲህ የሰው ፊት በዘይት ቀለም መሥራት የቻለ ወጣት ሥራ አያጣም ማለት ነው። ፖርትሬት የሚሉት ይህ ሙያ በአንድ ትውልድ ውስጥ ያን ያህል የበለጸገው በዚህ ምክንያት ነው። (የተሐድሶ ልጆች ከሥዕል ጋር ያለን ጉዳይ ከምናስበው በላይ የተወሳሰበ እንደሆነ ልብ በሉልኝ።)

ሬምብራንት ራሱ ለሦስት ዓመት ያህል በላይደን ከያኮብ ፋን ስዋነንቡርግ፣ ከዚያም ለስድስት ወር ያህል በአምስተርዳም ከፒተር ላስትማን ተማረ። ተምሮ ከጨረሰ በኋላም መገልበጡን አላቆመም። ጣሊያን አገር ረግጦ አያውቅም፤ የሊዮናርዶ ዳቪንቺን “የመጨረሻው እራት” ግን ከታተመ ቅጂ ላይ አይቶ በቀይ ጠመኔ ገልብጦታል። በ1639 በአምስተርዳም በተደረገ ጨረታ የጣሊያናዊው ራፋኤል የሠራው የአንድ መኳንንት ምስል ሲሸጥ፣ ሬምብራንት እዚያው በብዕር ነደፈውና ከጎኑ የተሸጠበትን ዋጋ ጻፈ፤ 3500 ጊልደር። በዓመቱ የራሱን ምስል ሲሠራ አቀማመጡን ከዚያ ወሰደ። ዛሬ ያ ሥዕል ለንደን ነው። በሃምሳዎቹ ዕድሜው ደግሞ፣ ታላቅ መምህር ከተባለ በኋላ፣ ከሕንድ የመጡ የሙጋል ነገሥታት ትናንሽ ሥዕሎችን አስቀምጦ እንደ ጀማሪ ተማሪ ሲገለብጥ እናገኘዋለን። ከሃያ በላይ የሚሆኑት ቅጂዎች ዛሬም አሉ።

አሁን ወደ ሥራ ቤቱ እንግባ። በዘይት ቀለም ምስል መገልበጥ ምን ይመስል ነበር?

ተማሪው መጀመሪያ ብሩሽ አይሰጠውም። ቀለም ይፈጫል። ቢጫና ቀይ አፈር፣ ከተቃጠለ አጥንት የሚወጣ ጥቁር፣ ከእርሳስ ማዕድን የሚሠራ ነጭ፣ እነዚህን ሁሉ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ከተልባ ዘይት ጋር እየለወሰ ያልማል። ሳንቃውን በጠመኔና በእንስሳ ሙጫ ይለብጣል፤ ሲደርቅ ይሞርደዋል። ወራት በዚህ ያልፋሉ። እንዲህ ያለው ሥራ አሰልቺ ቢመስልም እጅ ቀለምን የሚያውቀው በዚህ ነው፤ የትኛው አፈር ዘይት ይጠጣል፣ የትኛው ቶሎ ይደርቃል፣ የትኛው ሲደርቅ ይጠቁራል።

ከዚያ ሥዕሉ ይጀመራል። ነጩ መደብ ላይ ቀጠን ያለ ቡናማ ቀለም ይደረጋል። በዚያ ላይ የፊቱ ጥላና ብርሃን ያለ ምንም ድምቀት በቡናማና በጥቁር ብቻ ይነደፋል። አፍንጫ አይሠራም፤ ከአፍንጫው በታች ያለው ጥላ ነው የሚሠራው። ዓይን አይሠራም፤ ዓይኑ የተቀመጠበት ጉድጓድ ነው የሚሠራው። ጀማሪ ሁሉ እዚህ ላይ ይሰናከላል፤ ዓይን ዓይን እንደሚመስል ስለሚያውቅ የሚያውቀውን ይሥላል እንጂ የሚያየውን አይሥልም። መገልበጥ የሚያስተምረው የመጀመሪያው ነገር ይኸው ነው። ከፊታችሁ ያለው ሥዕል አይንቀሳቀስም፣ አይደክመውም፣ መብራቱ አይለወጥበትም። ስሕተቱ የእናንተ መሆኑን ለመካድ አይመችም።

ንድፉ ሲደርቅ ቀለሙ ይመጣል። የሬምብራንት ዘዴ ጥላውን ቀጭን፣ ብርሃኑን ወፍራም ማድረግ ነው። በጥላው ቦታ ከሥር ያለው ቡናማ ሳይቀር ይታያል፤ በግንባሩና በአፍንጫው ጫፍ ግን ነጩ እንደ ቅቤ ተለጥፎ ይቆማል። ይህን በመጽሐፍ የታተመ ፎቶ አያሳይም። የሥዕሉ አጠገብ ቆሞ ከጎን ማየት፣ ከዚያም በራስ እጅ ሞክሮ መጥፎ ማድረግ፣ ደግሞም መሞከር ያስፈልጋል።

ግን ለምን የመምህሩን የራሱን ፊት? ሌላ ስንት ሥዕል እያለ?

ሬምብራንት በሕይወቱ ወደ 40 የሚጠጉ የራሱን ምስሎች በቀለም ሠርቷል፤ በመዳብ ላይ ተቀርጸው የታተሙት ደግሞ 30 ያህል ናቸው። በሥራ ቤቱ ግድግዳ ላይ የመምህሩ ፊት አይጠፋም ነበር። ተማሪ የአንድን ነጋዴ ምስል ሲገለብጥ ነጋዴው ቤቱ ነው፤ ሠዓሊው ከዚያ ሰው ፊት ምን እንደ ወሰደ፣ ምን እንደ ተወ ማወቅ አይችልም። መልሱን አየ፤ ጥያቄውን አላየም። የመምህሩን የራስ ምስል ሲገለብጥ ግን ጥያቄውም መልሱም እዚያው ክፍል ውስጥ ናቸው። ቀና ሲል ሕያው አፍንጫ ያያል፤ ጎንበስ ሲል በቀለም የተሠራውን ያያል። መምህሩ የቱን ሽብሽብ ዘለለው? የቱን ጥላ አጠቆረው? ከእውነተኛው ጆሮ ውስጥ ስንቱን መስመር ተወ? ለእኔ የዚህ ልምምድ ትልቁ ሀብት ይህ ነው። ተማሪው ሥዕል ብቻ አይገለብጥም፤ አንድ ሰው ነገርን አይቶ እንዴት እንደሚመርጥ በዓይኑ ይከታተላል።

አንድ ሌላ ነገር አለ። የራሱን ምስል የሚሠራ ሰው የሚያየው መስታወት ነው፤ መስታወት ደግሞ ቀኙን ግራ ያደርጋል። ለንደን በኬንዉድ ቤት በሚገኘው በ1665 ገደማ በሠራው ሥዕል ላይ ኤክስሬይ ሲደረግ፣ ሬምብራንት መጀመሪያ ብሩሹን መስታወቱ እንዳሳየው በተገለበጠው እጅ አስይዞት እንደነበር፣ በኋላ አስተካክሎ እጆቹን እንዳቀያየረ ታይቷል። ስድሳ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ሰው እንኳ መስታወቱ እጁን ይዞበት ነበር ማለት ነው።

ከተማሪዎቹ ሦስቱን ላስተዋውቃችሁ።

ኸሪት ዳው የካቲት 1628 ወደ ሬምብራንት ሥራ ቤት ሲገባ 14 ዓመቱ ነበር። መምህሩም ራሱ 21 ዓመቱ ነው፤ በወጣት ኅብረታችሁ ሁለቱም አባል መሆን ይችሉ ነበር። ዳው ለሦስት ዓመት ያህል ከእርሱ ጋር ቆየ። ከዚያ መምህሩ ወደ አምስተርዳም ሲሄድ እርሱ ላይደን ቀረና የመምህሩን ተቃራኒ ሆነ። ሬምብራንት እያደር ሻካራና ሰፊ ብሩሽ ሲወድ፣ ዳው የብሩሽ ምልክት እስኪጠፋ ድረስ የሚያለሰልስ፣ መዳፍ በሚያህል ሳንቃ ላይ ወራት የሚፈጅ ሠዓሊ ወጣው። ሀብትም አገኘ። የእንግሊዙ ንጉሥ ቻርልስ ሁለተኛ ወደ አገሬ ና ቢለው እምቢ አለ። መምህሩ ግን በ1656 በዕዳ ንብረቱ ተመዝግቦ ተሸጠ።

ይስሐቅ ዮደርቪል ወላጆቹን ያጣ ልጅ ነበር። አሳዳጊዎቹ ከውርሱ እየቀነሱ ለሬምብራንት በዓመት 100 ጊልደር ይከፍሉ ነበር፤ መምህሩ በእጁ የጻፋቸው ደረሰኞች እስከ ዛሬ ተጠብቀዋል። ምግቡና መኝታው በዚህ ውስጥ የለም። ለአንድ የእጅ ሙያተኛ ይህ ገንዘብ የብዙ ወራት ድካም ነው። ዮደርቪል ጥሩ ገልባጭ ሆነ፤ ከገልባጭነት ግን ብዙም አልወጣም። ሥራዎቹ የመምህሩን የላይደን ዘመን አያያዝ ይደግማሉ፤ በሰላሳዎቹ ዕድሜው ሞተ። ስለ እርሱ ሳነብ ያዝናል ልቤ። የወላጆቹን ገንዘብ ከፍሎ የሌላ ሰው እጅ ገዛ፤ የራሱን ለማግኘት ጊዜ አልነበረውም።

ሦስተኛው ሳሙኤል ፋን ሆኽስትራተን ነው። የመጀመሪያ መምህሩ የነበረው አባቱ በ1640 ሲሞት ልጁ ገና 13 ዓመቱ ነበር፤ ከዚያ አምስተርዳም መጥቶ ከሬምብራንት ዘንድ ገባ። በ1678 ስለ ሥዕል ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ ውስጥ ያንን ዘመን ያስታውሳል። መምህሩ ስሕተቱን ሲያሳየው እያዘነ፣ ምግብና ውኃ ሳይቀምስ፣ እያለቀሰ ስሕተቱን እስኪያርም ከሥራው አይነሳም ነበር። ጥያቄም ያበዛ ነበር። ሬምብራንት ግን አስቀድሞ የሚያውቀውን በሥራ ላይ እንዲያውል፣ የተሰወረው በጊዜው እንደሚገለጥለት መለሰለት። ለአሥራዎቹ ዕድሜ ልጅ ይህ የሚያረካ መልስ አልነበረም ብዬ እገምታለሁ። ልጁ ግን ከሥራ ቤቱ ሲወጣ እንደ ሬምብራንት የሚሠራ ብቻ አልሆነም፤ ዓይንን የሚያታልሉ ሥዕሎች ሠሪ፣ ደራሲም ሆነ።

ስለዚህ “መገልበጥ የራስህን መንገድ ያጠፋል ወይ?” ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ አንድ ሥራ ቤት ዳውንም ዮደርቪልንም አወጣ ብዬ እመልሳለሁ። ያን ያህል ነው የማውቀው።

አሁን ወደ ሁለቱ መንትያ ሥዕሎች። በ1991 ክላውስ ግሪም የተባለ ጀርመናዊ የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁር፣ ዋናው የኑረምበርጉ ነው ብሎ ተከራከረ። ብዙዎች አልተቀበሉትም፤ ለስላሳውን መውደድ ለምደው ነበርና። በአሥር ዓመቱ መጨረሻ ላይ ማውሪትስሃውስ የራሱን ሥዕል በኢንፍራሬድ መረመረው። ይህ ጨረር የላይኛውን ቀለም አልፎ ከሥር ያለውን ጥቁር ንድፍ ያሳያል። በለስላሳው ሥዕል ሥር ጥንቁቅ መስመሮች ተገኙ፤ የፊቱ ዳር፣ የዓይኑ ቅርጽ፣ አፍንጫው፣ ሁሉም ቀለም ከመነካቱ በፊት በመስመር ተለክቶ ተነድፏል። ሬምብራንት የራሱን ምስል እንዲህ አይጀምርም፤ በቀጥታ በቀለም ይነድፋል፤ እየሠራ ይፈልጋል፣ ይቀይራል። በኑረምበርጉ ሥር እንዲህ ያለ የተለካ ንድፍ የለም።

ያን የተደበቀ መስመር ሳስበው አንድ ነገር ይታየኛል። መምህሩ ወዴት እንደሚሄድ ሳያውቅ መጀመር ችሏል። ገልባጩ ግን መድረሻውን ከፊቱ አድርጎ ስለሆነ እንዳይስት ለካ፤ ፈራ፤ ከዚያም ሻካራውን ሁሉ አለሰለሰ። ለትውልዶች የመምህርነት ምልክት መስሎ የታየው ልስላሴ የተማሪ ጥንቃቄ ነበር። የእኛም ዓይን ንጹሕ የሆነውን ሁሉ የተሻለ ነው ብሎ የመፍረድ ልማድ አለው።

ተማሪው አታላይ ነበር ማለት ግን አይቻልም። በዚያ ዘመን የሠዓሊዎች ማኅበራት ልማድ መሠረት ተማሪ በመምህሩ ቤት የሠራው ሥራ የመምህሩ ንብረት ነው። ሬምብራንትም የተማሪዎቹን ሥራ ይሸጥ ነበር፤ የተቀበለውን ገንዘብ በራሱ እጅ ያሰፈረበት ወረቀት አለ። ስለዚህ ቅጂው ከሥራ ቤቱ የወጣው በግልጽ በር ነው። “የሬምብራንት እጅ” የሚል ስም የተሰጠው ከዚያ በኋላ ባሉ እጆች ነው። በዚህ ላይ የእኔ አቋም ጠበቅ ያለ ነው፤ የተገለበጠ ሥራ ቅጂ መባሉን እስከነገራችሁ ድረስ ማንንም አይጎዳም፤ ከዚያ ዝምታው ሲጀምር ነው ኩረጃ የሚሆነው። ፓሪስ በሚገኘው ሉቭር ሙዚየም እስከ ዛሬ ሠዓሊዎች ፈቃድ ይዘው ከሥዕሉ ፊት ተቀምጠው ይገለብጣሉ፤ ቅጂያቸው ግን ከዋናው ጋር በመጠን እኩል እንዳይሆን ደንብ አለ።

መሞከር ለምትፈልጉ፣ አምስተርዳም ባለው ሬይክስሙዚየም የሚገኘውን በ1628 ገደማ የተሠራውን የራስ ምስል እመክራለሁ። ሙዚየሙ ምስሉን በከፍተኛ ጥራት በነፃ ያወርዳችኋል። ዋናው ራሱ ቁመቱ 22.6፣ ወርዱ 18.7 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ትልቅ ሸራ አያስፈልግም። ፊቱ በአብዛኛው በጥላ ውስጥ ስለሆነ ዓይኖቹ እምብዛም አይታዩም፤ ብርሃኑ ያረፈው አንገቱ፣ ጆሮውና የአፍንጫው ጫፍ ላይ ነው። ዓይን መሥራት ለሚያስፈራችሁ ይህ እፎይታ ነው። አምስት ቀለም ይበቃል፤ ነጭ፣ ጥቁር፣ ቢጫ አፈር፣ ቀይ አፈር፣ ቡናማ። የድሮው የእርሳስ ነጭ መርዝ ስለሆነ የዛሬውን የቲታኒየም ነጭ ግዙ። ቡናማውን አስቀድማችሁ አልብሱት፤ ጥላውን በስሱ፣ ብርሃኑን በወፍራሙ አድርጉ። ፀጉሩ ላይ ስትደርሱ ቀለሙ ሳይደርቅ ብሩሹን ገልብጣችሁ በእንጨቱ ጫፍ ቧጥጡት፤ ሬምብራንት ጥቅልል ፀጉሩን ያወጣው እንደዚያ ነው። በተልባ ዘይት የራሰውን ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥግ ላይ አትጣሉት፤ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላልና ዘርግታችሁ አድርቁት። ሲያልቅ ከጀርባው “ከሬምብራንት የተገለበጠ” ብላችሁ ስማችሁንና ቀኑን ጻፉ።

በሚቀጥለው ሳምንት መስኮቱን በአንድ ጎናችሁ አድርጋችሁ መስታወት ፊት ተቀመጡና በእነዚያው አምስት ቀለሞች የራሳችሁን ጀምሩ።